ውሃ፣ ነፋስና የመድን ወረቀት፦ ከሂውስተን እስከ ጋልቬስተን



ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር መጀመሪያ የሚያሳስበው ሥራ ማግኘት ነው፤ ቀጥሎ ቤተሰቡን ማሰባሰብ፤ ኑሮው ሲደላደል ደግሞ የራሴ የሚለው ቤት። በዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ የስንት ዓመት የሌሊት ሥራ፣ በታክሲ መሪ ላይ ያለፈ ዕድሜ፣ ለአገር ቤት ዘመድ ከተላከው የተረፈ ጥሪት አለ። ይህ ቤት የቆመው አውሎ ነፋስ በሚመላለስበት ጠረፍ ላይ ከሆነ የሃያ ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ውሃ ሊበላው ይችላል።

በዚህ ወር የጉዞ ዐምዳችን ወደ አሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት እንሄዳለን። ከሂውስተን ከተማ ተነሥተን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዘን ጋልቬስተን ደሴት ላይ እናርፋለን። በየቦታው ቆም እያልን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ አገር ሰው «ቤቴ መድን አለው» ሲል ለምን? ለእሳት ነው? ለነፋስ ነው? ወይስ ለውሃ? ሦስቱ በአንድ ወረቀት የሚጠቃለሉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሐዘን የመጣውም ከዚሁ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራ የማታውቅ ከተማ

ሂውስተን በ1836 በበፋሎ ባዩ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ ዛሬ በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች አራተኛ የሆነች ትልቅ ከተማ ናት። «ባዩ» የሚሉት ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ዳርና ዳሩ ሣርና ዛፍ የለበሰ ወንዝ ነው። ከተማዋ ጋራም ኮረብታም የላትም፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አፈሯ ውሃ ቶሎ የማያሰርግ ሸክላ ነው፤ ላዩን ደግሞ አስፋልትና ሲሚንቶ ሸፍኖታል። እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ስለሌላት ዶፍ ሲወርድ ውሃው መሄጃ ያጣል፤ ከዚያም መንገዱን፣ ግቢውን፣ ሳሎኑን ይሞላል።

ለሙስሊም መንገደኛ ከተማዋ እንግዳ አትሆንም። በመሐል ከተማ በ1928 የተሠራ አንድ የቀድሞ የባንክ ሕንጻ ዛሬ መስጊድና የደዕዋ ማዕከል ነው፤ ለዚህ ያበቃው ትውልደ ናይጄሪያዊው ዝነኛ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሐኪም ኦላጁዎን ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቁ በሂልክሮፍት ጎዳና የሕንድና የፓኪስታን ሱቆችና የሐላል ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆችም በዚሁ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ይገኛሉ።

ሜየርላንድ፦ በሦስት ዓመት ሦስት ጎርፍ

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በብሬይስ ባዩ ዳር ሜየርላንድ የሚባል ሰፈር አለ። እዚህ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ዓይኑን ይይዘዋል፦ አንዱ ቤት ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ሲቀመጥ፣ ጎረቤቱ ግን የሰው ቁመት ያህል ከፍ ባለ መሠረት ላይ ወጥቷል። ምክንያቱ በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ነው። በሜይ 2015፣ በአፕሪል 2016 እና በኦገስት 2017 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ጎርፍ ገብቶበታል። አንዳንዱ ቤቱን አስነሥቶ ከፍ አደረገ፤ አንዳንዱ አፍርሶ እንደገና ሠራ፤ አንዳንዱ ሸጦ ሄደ።

የመጨረሻው ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ነበር። ኦገስት 25 ቀን 2017 ከሂውስተን ርቃ በምትገኘው በሮክፖርት በኩል ወደ የብስ ገባ። ሂውስተንን የጎዳት ግን ንፋሱ ሳይሆን ለቀናት ያላቋረጠው ዝናብ ነው። ከሂውስተን በስተምሥራቅ በምትገኘው በኔደርላንድ የተለካው 60.58 ኢንች፣ ማለትም ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር፤ ይህ በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንበው ይበልጣል። የጉዳቱ ግምት 125 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በእነዚያ ቀናት የከተማዋ መስጊዶች በራቸውን ከፍተው ሃይማኖት ሳይለዩ ተፈናቃይ አስጠልለዋል። ዒድ አል-አድሓ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ስለዋለ ብዙ ቤተሰብ ተክቢራውን ያሰማው እርጥብ ምንጣፍ ከቤት እያወጣ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ግን ሌላ ነገር ታየ። ቤታቸው ከተጥለቀለቀባቸው አብዛኞቹ የጎርፍ መድን አልነበራቸውም። የቤት መድን ግን ነበራቸው፤ ለዓመታት ዐረቦን ከፍለዋል። ይሁንና የተለመደው የቤት መድን ውል ጎርፍን በግልጽ ያወጣል። ልዩነቱን በቀላሉ እንዲህ መያዝ ይቻላል፦ ቧንቧ ድንገት ፈንድቶ ቤት ቢያበላሽ የቤት መድኑ ይመለከተዋል። ነፋስ ጣሪያ ቀዶ ዝናብ ቢያስገባ የነፋስ ጉዳት ነው። ከወንዝ፣ ከመንገድ ወይም ከባሕር ተነሥቶ በመሬት ላይ እየተንጣለለ የገባ ውሃ ግን ጎርፍ ነው፤ ለእርሱ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ወረቀት በአብዛኛው የሚገኘው በ1968 በሕግ ከተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት የጎርፍ መድን ፕሮግራም ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሸፍነው ከፍተኛ መጠን ለሕንጻው 250,000 ዶላር፣ ለዕቃው 100,000 ዶላር ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚገዙ ስለሆኑ ለሕንጻው ብቻ ገዝቶ ዕቃውን የረሳ ሰው ለሶፋና ለአልጋው አንድም ሳንቲም አያገኝም። የፕሮግራሙ ውል በግል ድርጅቶች በኩል ቢሸጥም ለአንድ ቤት ዋጋው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ቤቱ እስኪጠገን ለሚከራዩት ማረፊያ ግን ይህ ውል አይከፍልም። ከዚህ የተለየ ውል የሚሸጡ የግል የጎርፍ መድን ሰጪዎችም አሉ፤ እነዚህን ከፕሮግራሙ ጋር ማወዳደር ይገባል። ተከራይም ቢሆን ለዕቃው ብቻ የጎርፍ መድን መግዛት ስለሚችል፣ አፓርታማ ምድር ቤት የተከራዩ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የጎርፍ መድን ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው፣ ለቤት ግዢ ብድር ሲባል እንደሚወሰደው ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ከ30 ቀን በኋላ ነው። አውሎ ነፋስ ሲመጣ በቴሌቪዥን የሚታየው ቢበዛ ከአንድ ሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በፊት ነው። ደመናውን አይቶ ወደ መድን ወኪል የሮጠ ሰው ለዚያ ደመና አይደርስም። ሌላም አለ፤ ፕሮግራሙ በኮንግረስ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፈቃዱ አልፎበት አዲስ ውል መሸጥ ቆሞ ነበር።

ከግድቦቹ ጀርባ

ከመሐል ከተማ ወደ ምዕራብ ሲነዱ አዲክስና ባርከር የሚባሉ ሁለት ረጃጅም የአፈር ግድቦች ይገኛሉ። በ1929 እና በ1935 ከደረሱት ጎርፎች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መሐል ከተማውን ለማዳን የተሠሩ ናቸው። በበጋ ከጀርባቸው ያለው መሬት ደረቅ ነው፤ መናፈሻና የኳስ ሜዳ ነው። በዚያው አካባቢ ዓመት በዓመት አዳዲስ መንደሮች ተሠሩ።

በሃርቪ ጊዜ ከግድቡ በላይ ያለው ውሃ እየሞላ ወደ እነዚያ መንደሮች ዘለቀ፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ከግድቡ በታች በበፋሎ ባዩ ዳር ያሉት ተጥለቀለቁ። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ቤታቸው በግድቡ የውሃ መያዣ ክልል ውስጥ መሆኑን ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው። በ2019 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከግድቡ በላይ ላሉት መንግሥት ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ። ነገር ግን ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል፤ ቤተሰብ የሚያድርበት ደግሞ ዛሬ ያስፈልጋል።

ከብዙዎቹ ቤቶች ሽያጭ ጊዜ «ካርታው ላይ የጎርፍ ቀጣና አይደለም» ተብሎ ነበር። ቀጣና የሚባለው በየዓመቱ ከመቶ አንድ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ቦታ ነው። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ዓመት የቤት ዕዳ ዘመን ሲሰላ ግን ከአራት አንድ ገደማ ይሆናል። ከቀጣናው ውጭ መሆን ማለትም ባንኩ አያስገድድም ማለት እንጂ ውሃው አይመጣም ማለት አይደለም።

ጋልቬስተን፦ ባሕር የዋጣት ከተማ

አሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ በአውራ ጎዳና ቁጥር 45 እንውረድ። መንገዱ በነዳጅ ማጣሪያዎች አካባቢ አልፎ፣ ረጅም ድልድይ ተሻግሮ ጋልቬስተን ደሴት ላይ ያደርሳል። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ይህች ደሴት በአሜሪካ ታሪክ ከደረሱት የተፈጥሮ አደጋዎች ሁሉ ብዙ ሕይወት በቀጠፈው አውሎ ነፋስ ተመታች። የሟቾቹ ቁጥር ከ6,000 እስከ 12,000 ይገመታል። የተረፉት ግን ከተማዋን ጥለው አልሄዱም። ከ1902 ጀምሮ 17 ጫማ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ገነቡ፤ ቀጥለውም ቤቶችን በጃክ እያነሡ ከሥራቸው አሸዋ እየሞሉ የከተማዋን መሬት ራሱን ከፍ አደረጉት። ዛሬ በዚያ ግንብ ላይ ቤተሰብ በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ።

በሴፕቴምበር 2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግንቡ የውቅያኖሱን ማዕበል ፊት ለፊት መከተ፤ ውሃው ግን ዞሮ ከኋላ፣ ከሰላጤው በኩል ገባ። ከደሴቷ ማዶ ባለው የቦሊቫር ልሳነ ምድር ላይ ከብዙ ቤቶች የተረፈው የሲሚንቶ ወለሉ ብቻ ነበር። ክርክሩም እዚያ ላይ ተነሣ፤ ይህን ቤት የወሰደው ነፋስ ነው ወይስ ውሃ?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በቴክሳስ ጠረፍ 14 አውራጃዎችና በሃሪስ አውራጃ አንዳንድ የባሕር ዳር ክፍሎች የቤት መድን ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ነፋስንና በረዶን ከውላቸው ያወጣሉ። ለዚያ ክፍተት የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1971 የቴክሳስ የነፋስ መድን ማኅበርን አቋቁሟል። ስለዚህ በጋልቬስተን የሚኖር ሰው ሦስት ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ለእሳትና ለሌብነት፣ አንዱ ለነፋስ፣ አንዱ ለጎርፍ። ሁለቱን ብቻ የያዘ ሰው ከአደጋው በኋላ አንዱ ወደ ሌላው እየመራው መሐል ላይ ይቀራል። ማኅበሩ ቤቱ የነፋስ መቋቋሚያ ደንብን አሟልቶ ለመሠራቱ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ወረቀት ከሻጩ አስቀድሞ ይጠይቅ። አውሎ ነፋስ ሰላጤው ውስጥ ከገባ በኋላም አዲስ ውል አይቀበልም።

በነፋስ ውል ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይጻፋል። መቶኛው የሚሰላው ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ከተገባበት የመድን መጠን ላይ ነው። 300,000 ዶላር የተገባለት ቤት 2 በመቶ ቢሆን 6,000፣ 5 በመቶ ቢሆን 15,000 ዶላር ባለቤቱ ይከፍላል። ጣሪያው የሚጠገነው በ12,000 ከሆነ ባለ 5 በመቶው ሰው ምንም አያገኝም። እንዲሁም ውሉ ጣሪያውን «በአዲስ ዋጋ» ይተካል ወይስ እርጅናውን ቀንሶ ይከፍላል የሚለውን መጠየቅ ግድ ነው። ርካሽ ዐረቦን የሚደበቀው እነዚህ ሁለት መስመሮች ውስጥ ነው።

የባዕድ አገር ነዋሪ ጉዳይ

እስካሁን ያልነው ለሁሉም ነው። ከውጭ የመጣ ነዋሪ ግን የራሱ ጥያቄዎች አሉት።

አንደኛ፣ ብዙ ሰው «አደጋ ከደረሰ መንግሥት ይረዳኛል» ይላል። ምግብ፣ መጠለያና አስቸኳይ ዕርዳታ ለሁሉም ነው። የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ለዜጎች፣ ቋሚ መኖሪያ ላላቸው፣ ለስደተኞችና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው ነው። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው አያገኝም፤ ዜጋ የሆነ ከ18 ዓመት በታች ልጅ ካለው ግን በልጁ ስም ማመልከት ይችላል። ለቤት የሚሰጠው ጣሪያም በ2024 የበጀት ዓመት 42,500 ዶላር ነበር፤ ቤት አያሠራም። መድን ግን ውል ነው፤ የከፈለ ሰው የሚጠይቀው መብቱን እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣ ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው ዋጋ ሊወደድበት ይችላል። በቴክሳስ ሕግ በብድር ታሪክ ብቻ ተመሥርቶ መድን መከልከል አይፈቀድም፤ አንዱ ወኪል ቢመልሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ከተለያዩ ድርጅቶች ጋር የሚሠራ ገለልተኛ ወኪል ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የስም ነገር። በእኛ ዘንድ ወንድም በወንድሙ ስም፣ አጎት በእህቱ ልጅ ስም ቤት መግዛቱ የተለመደ ነው። በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና በመድን ውሉ ላይ ያለው ስም ካልተገናኙ ግን ካሳው ሊታገድ ይችላል። ዝምድና እንዳይሻክር ከመጀመሪያው በጽሑፍ ማስተካከል ይበጃል።

አራተኛ፣ ረመዳንን ወይም ክረምቱን አገር ቤት ለማሳለፍ የሚሄድ ቤተሰብ ቤቱን ባዶ ትቶ ከሆነ ውሉን ያንብብ። ብዙ ውሎች ቤት 30 ወይም 60 ቀን ወና ከቆየ አንዳንድ ሽፋኖችን ያቋርጣሉ።

አምስተኛ፣ የወርቅ ጌጥ። የተለመደው ውል ለተሰረቀ ጌጥ የሚከፍለው ጣሪያ ዝቅተኛ ነው። ለዘካ ስትል ወርቋን በየዓመቱ የምታስመዝን እናት ዝርዝሩ በእጇ አለ፤ ያንኑ ለመድን ወኪሉ ታሳየው። የየክፍሉን ዕቃ ፎቶ ማንሣት፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መላክ ወጪ የለውም።

የትኛው ድርጅት ይታመናል?

የድርጅት ታማኝነት የሚለካው በማስታወቂያው ሳይሆን በአደጋ ማግስት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። የቴክሳስ የመድን መሥሪያ ቤት አንድ ድርጅት ፈቃድ ያለው መሆኑንና ከመጠኑ አንጻር ምን ያህል አቤቱታ እንደቀረበበት ለሕዝብ ያሳያል። የድርጅቶችን የገንዘብ አቅም መርምረው በፊደል ደረጃ የሚሰጡም አሉ፤ ከእነርሱ አንጋፋው በ1899 የተመሠረተው ኤ ኤም ቤስት ነው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ቢከስር የግዛቲቱ የዋስትና ማኅበር በሕግ በተወሰነ ጣሪያ የደንበኞቹን ካሳ ይሸፍናል። መደበኛ ፈቃድ ሳይኖራቸው በልዩ ወኪሎች በኩል የሚሸጡ ድርጅቶች ግን በዚህ ዋስትና አይሸፈኑም። እነርሱን የሚመርጥ ሰው ይህን አውቆ ይምረጥ።

ከማዕበሉ በኋላ በር የሚያንኳኩትንም መለየት ያሻል። «የአንተን ድርሻ እኛ እንችልሃለን» የሚል ጣሪያ ሠሪ በቴክሳስ ከ2019 ጀምሮ ሕግ የጣሰ ነው። ስለ ባለቤቱ ሆኖ ካሳ የሚከራከር ገማችም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ክፍያውም ከካሳው 10 በመቶ አይበልጥም። ለፌዴራሉ የጎርፍ መድን የጉዳት ማስረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ተፈርሞ መቅረብ አለበት።

የሸሪዓው ጥያቄ

«ይህ ሁሉ ለሙስሊም ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እውነት አለው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1985 ባደረገው ጉባኤ፣ በቋሚ ዐረቦን የሚደረግ የንግድ መድን ውል ከባድ ገረር ስላለበት ሐራም መሆኑን ወስኖ፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን የትብብር መድን ምትክ አድርጎ አቅርቧል። በሱዳን በ1979፣ በማሌዥያም ከ1984ቱ ሕግ በኋላ የተስፋፋው ተካፉል ይኸው ነው። እድር ለለመደ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ለተቸገረው ይወጣል።

በአሜሪካ ግን የተካፉል የቤት መድን እንደልብ አይገኝም። በሸሪዓ መንገድ ቤት የሚያስገዙ ተቋማትም ቢሆኑ መድን ያስገድዳሉ። ብዙ ሊቃውንት በሕግ ወይም በውል ግዴታ የመጣን፣ ምትክ የሌለውንና ከባድ ችግር የሚያስወግደውን ከምርጫ ለይተው ያዩታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሁኔታ ይዞ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። በአባላቱ የተያዙ የጋራ መድን ድርጅቶች ወይም የመንግሥቱ የጎርፍ ፕሮግራም ከንግድ መድን ጋር እኩል ይታያሉ ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ግመልን ሳያስሩ ተወኩል የለም፤ አስሮም በገመዱ መመካት የለም።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሠላሳ ቀኑን ወደኋላ ስንቆጥር የመጨረሻው ቀን በሜይ መጀመሪያ ላይ ይውላል። በሂውስተንም ሆነ በሌላ ጠረፍ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ በፊት አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የመድን ውሉን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። እንግሊዝኛውን ከወላጆቻቸው የሚሻሉ ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡ። እሳት የት ተጻፈ? ነፋስ የት ተጻፈ? ውሃ የት ተጻፈ? ካልተጻፈ ገና ጊዜ አለ።

አላህ ቤቶቻችንን ከውሃና ከነፋስ ይጠብቅልን፤ የተፈናቀሉትንም በተሻለ ይተካላቸው። አሚን።